ስካን የተደረገ አማርኛን ወደ ጽሑፍ መቀየር፦ የቴሰራክት አጫጫን ከነአማርኛው

ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣልኛል። «ቴሰራክትን ጫንኩት። እንግሊዝኛውን ጥርት አድርጎ ያነባል፣ አማርኛው ላይ ሲደርስ ግን ትርጉም የሌለው ነገር ይጽፍልኛል።» ሌላው ደግሞ «ፒፕ ኢንስቶል አልኩት፣ ተጭኗል አለኝ፣ ላስነሳው ስል ግን ቴሰራክት የሚባል ነገር የለም ይለኛል» ይላል። እስካሁን ለእያንዳንዱ ሰው በድምፅ መልእክት ስመልስ ቆይቻለሁ። አሁን ሁሉንም አንድ ላይ ጻፍኩት።

ለማያውቀው ሰው፦ ቴሰራክት የጽሑፍን ፎቶ ወይም ስካን አይቶ፣ ፊደሎቹን ለይቶ፣ ሊታረምና ሊፈለግበት ወደሚችል ጽሑፍ የሚቀይር ክፍት ምንጭ ላይብረሪ ነው። ነጻ ነው። ፈቃዱ አፓቺ 2.0 ስለሆነ ለንግድ ሥራም መጠቀም ትችላላችሁ። አንዴ ከተጫነ ኔት አይፈልግም፤ የቤት ካርታ፣ ውል ወይም የፍርድ ቤት ወረቀት ይዞ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ሰነድ ባለቤቱ ወደማይታወቅ «ነጻ መቀየሪያ» ድረ ገጽ መላክ የለበትም።

ብዙዎቻችሁ የምትፈልጉት ደግሞ በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚግባቡበት የፊደል ኮድ) ላልተጻፉ የድሮ ሰነዶች እንደሆነ አውቃለሁ። በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፒዲኤፍ ለዓይን ጥሩ አማርኛ ነው፤ ኮፒ አድርጋችሁ ስትለጥፉት ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ገጽ እንደ ፎቶ ቆጥሮ በቴሰራክት ማስነበብ ከባዶ እንደገና ከመተየብ ያድናል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ይህን ያዙልኝ፤ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚነሱት ከዚህ ነው። የምትጭኑት ነገር አንድ አይደለም፣ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ሞተሩ ነው፣ ራሱ ቴሰራክት። ሁለተኛው የአማርኛው ፋይል ነው፤ ሞተሩ የአማርኛን ፊደል የሚያውቀው በዚህ ፋይል ብቻ ነው። ሦስተኛው ድልድዩ ነው፣ ፓይቴሰራክት የሚባለው፤ ከፓይተን ፕሮግራም ወደ ሞተሩ የሚያሻግር ትንሽ ላይብረሪ ነው። ሦስቱ ከተለያየ ቦታ ይመጣሉ። አንዱ ሌላውን ይዞ አይመጣም። ፓይተን የማትጽፉ ከሆነ ሦስተኛውን ተዉት፣ አያስፈልጋችሁም።

ስለ ትእዛዞቹ አጻጻፍ

ትእዛዞቹን እዚህ በሚነበቡበት ድምፅ፣ በእኛ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ራሳችሁ ተይቧቸው። ትእዛዝ ከስልክ ላይ ኮፒ እየተደረገ ሲሄድ ሁለቱ ተከታታይ ሰረዞች ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ረጅም ሰረዝ ይቀየራሉ፣ የጥቅስ ምልክቱም ይጠማዘዛል፣ ትእዛዙም አይሠራም። በእጅ መተየብ ይህን ችግር ከሥሩ ያስቀራል።

ቴሰራክት ሲጻፍ፦ ቲ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኤስ፣ ኢ፣ አር፣ ኤ፣ ሲ፣ ቲ። ኤስ ሁለት ናት፣ አር አንድ። ፓይቴሰራክት ደግሞ ከፊቱ ፒ እና ዋይ ይጨመርበታል። የአማርኛ ኮዱ ኤ፣ ኤም፣ ኤች ነው፤ ከዚህ በኋላ ኤኤምኤች እያልኩ እጽፈዋለሁ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ዊንዶውስ፣ ኡቡንቱ ወይም ማክ ያለው ኮምፒውተር። ዊንዶውስ ከሆነ 64 ቢት መሆኑን እዩ።
- የዊንዶውስ መጫኛው ፋይል፣ ወደ 50 ሜጋባይት አካባቢ።
- የአማርኛው ፋይል። ስሙ ኤኤምኤች፣ ነጥብ፣ ከዚያ ትሬይንድዳታ ነው፤ ትሬይንድ እና ዳታ ያለ ስፔስ ይገጥማሉ።
- ኮምፒውተሩ ላይ የአስተዳዳሪ ፈቃድ። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ የአይቲ ሰው ቀድማችሁ አናግሩ።
- መሞከሪያ የሚሆን አንድ ንጹሕ ገጽ፣ በእጅ ያልተጻፈ፣ የታተመ።
- ለድልድዩ (ለ7ኛው ደረጃ) ብቻ፦ ፓይተን 3።
- ቤት ኔት ከሌላችሁ ፍላሽ። መጫኛውንና የአማርኛውን ፋይል ኔት ባለበት አውርዳችሁ ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ።

1. ኮምፒውተራችሁን እወቁ

ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ግቡ። ሲስተም ታይፕ የሚለው መስመር 64 ቢት ወይም 32 ቢት ይላል። አዲሶቹ መጫኛዎች ለ64 ቢት ብቻ የተሠሩ ናቸው። አሮጌ ላፕቶፕ ይዛችሁ ይህን ሳታዩ ብታወርዱ ዳታችሁ በከንቱ ያልቃል። 32 ቢት ከሆነ በ2ኛው ደረጃ ከምጠቅሰው የማውረጃ ገጽ ላይ የቆዩ ስሪቶችን ፈልጉ።

እግረ መንገዳችሁን ሲ ድራይቭ ላይ ኦሲአር የሚባል ባዶ ፎልደር ክፈቱ፣ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል። ሥራው ሁሉ እዚያ ይሁን። ፎልደሩ ወይም ፎቶው በአማርኛ ስም ከተሰየመ ዊንዶውስ ላይ ቴሰራክት ፋይሉን መክፈት ሊያቅተው ይችላል፤ ሰው ደግሞ ችግሩን የፋይሉ ስም ላይ አይፈልግም፣ ሞተሩን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል።

2. ሞተሩን ጫኑ

ዊንዶውስ። መጫኛውን የሚያዘጋጀው በጀርመን የማንሃይም ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ነው። የቴሰራክት ኦፊሴላዊ መመሪያም ለዊንዶውስ ተጠቃሚ የሚጠቁመው ወደዚያ ነው። ጉግል ላይ «ቴሰራክት ዩቢ ማንሃይም» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፈልጉ፣ ጊትሃብ ላይ ያለውን ገጽ ክፈቱና ስሙ ውስጥ ደብልዩ 64 ያለበትን ፋይል አውርዱ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ፍሪ ዳውንሎድ» ከሚሉ ሌሎች ድረ ገጾች አታውርዱ። ሌላ ፕሮግራም ደርበው የሚጭኑ አሉ። ክፍት ምንጭ ስለሆነ ከምንጩ ለማውረድ የሚከለክላችሁ ነገር የለም።

መጫኛውን ስትከፍቱ ኔክስት ኔክስት እያላችሁ አትለፉ። ምን ምን ይጫን ብሎ የሚጠይቅ ዝርዝር ይመጣል። እዚያ ውስጥ ተጨማሪ የቋንቋ ዳታ የሚል አለ። ከጎኑ ያለችውን የመደመር ምልክት ተጫኑ፣ አምሃሪክን ፈልጋችሁ ምልክት አድርጉበት። ሁሉንም ቋንቋ አትምረጡ። እነዚህ ፋይሎች መጫኛው ውስጥ የሉም፣ በመጫን ላይ እያለ ከኔት ነው የሚያወርዳቸው። ኔታችሁ ከተቆራረጠ ሞተሩ ይጫናል፣ አማርኛው ግን ሳይወርድ ይቀራል። ያ ከደረሰባችሁ አትደንግጡ፣ በ4ኛው ደረጃ በእጃችን እንጨምረዋለን።

የሚጫንበትን ቦታ አትቀይሩ። ሲ ድራይቭ፣ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ቴሰራክት-ኦሲአር የሚባል ፎልደር ይሠራል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ቦታ ሁሉ እሱ ነው።

ኡቡንቱ። እናንተ ቀሎላችኋል። ተርሚናል ላይ እነዚህን ሁለት መስመሮች አስገቡ፦

ሱዶ አፕት አፕዴት
ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቴሰራክት-ኦሲአር ቴሰራክት-ኦሲአር-ኤኤምኤች

የመጀመሪያው መስመር የጥቅሎቹን ዝርዝር ያድሳል። እሱን ከዘለላችሁ ሁለተኛው «ጥቅሉን አላገኘሁትም» ሊላችሁ ይችላል። ኡቡንቱ 22.04 ላይ የ4.1 ስሪት፣ 24.04 ላይ የ5.3 ስሪት ይገባል። ሁለቱም ይሠራሉ። አማርኛውም አብሮ ስለሚገባ 3ኛውንና 4ኛውን ደረጃ ዝለሉ፤ በ4ኛው መጨረሻ ላይ ያለውን ፍተሻ ብቻ ሥሩ።

ማክ። ሆምብሩ ካላችሁ «ብሩ ኢንስቶል ቴሰራክት» ሞተሩን ይጭናል። አማርኛውን «ብሩ ኢንስቶል ቴሰራክት-ላንግ» ያመጣዋል፤ ግን የሁሉንም ቋንቋ ፋይሎች አንድ ላይ ስለሚያወርድ ብዙ ዳታ ይበላል። ዳታ የምትቆጥቡ ከሆነ የአማርኛውን ፋይል ብቻ እንደ 4ኛው ደረጃ አውርዳችሁ ሞተሩ ያለበት ቴስዳታ ፎልደር ውስጥ ጨምሩት።

3. ለዊንዶውስ መንገዱን ንገሩት

መጫኛው ሥራውን ሲጨርስ ዊንዶውስ ቴሰራክት የት እንዳለ ገና አያውቅም። ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍታችሁ ቴሰራክት ብትሉት አላውቀውም ይላችኋል። የተጫነበትን ፎልደር ፓዝ የሚባለው ዝርዝር ውስጥ ማስገባት አለባችሁ። ፓዝ ማለት ዊንዶውስ ትእዛዝ ሲሰጠው ሄዶ የሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር ነው።

ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ቴሰራክት-ኦሲአር ፎልደር ውስጥ ግቡ። ከላይ ያለውን የአድራሻ መስመር አንዴ ስትጫኑት ሙሉ አድራሻው ይታያል፣ ኮፒ አድርጉት። በእጅ አትጻፉት፤ ስፔስና ሰረዝ ስላለበት ይሳሳታል። ከዚያ ስታርት ላይ «ኢንቫይሮመንት» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉና የሚመጣውን ክፈቱ። ኢንቫይሮመንት ቫሪያብልስ የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ከታች ካለው ዝርዝር ፓዝን መርጣችሁ ኤዲት፣ ከዚያ ኒው፣ ከዚያ አድራሻውን ለጥፉ። የተከፈቱትን መስኮቶች በሙሉ በኦኬ ዝጉ። አንዱን በኤክስ ከዘጋችሁት አይቀመጥም።

ማስጠንቀቂያ፦ ፓዝ ውስጥ ያሉትን ሌሎች መስመሮች አትንኩ፣ አታጥፉ። ሌሎች ፕሮግራሞቻችሁ በእነሱ ነው የሚሠሩት።

አሁን ጥቁሩን መስኮት አዲስ ክፈቱ። ቀድሞ ተከፍቶ የነበረው አዲሱን ፓዝ አያይም። «አድርጌው ነበር፣ አልሠራም» ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ያንኑ የድሮውን መስኮት እየተጠቀሙ ነው። ከዚያ፦

ቴሰራክት --ቨርዥን

የስሪት ቁጥር ካሳያችሁ ሞተሩ በትክክል ገብቷል። ካላሳያችሁ ወደፊት አትሂዱ፣ እዚሁ አስተካክሉት። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በዚህ ላይ ነው የሚቆመው።

4. የአማርኛውን ፋይል አስገቡ

መጀመሪያ ምናልባት ቀድሞ ገብቶ እንደሆነ እዩ፦

ቴሰራክት --ሊስት-ላንግስ

ዝርዝሩ ውስጥ ኤኤምኤች ካለ ይህን ደረጃ ጨርሳችኋል። ከሌለ፣ ጊትሃብ ላይ ቴሰራክት-ኦሲአር በሚባለው ባለቤት ሥር ሦስት ማከማቻዎች ታገኛላችሁ፦ ቴስዳታ፣ ቴስዳታ_ፋስት እና ቴስዳታ_ቤስት። ፋስት ይፈጥናል፣ ቤስት ይዘገያል ግን የተሻለ ያነባል። ለአማርኛ ቤስትን ውሰዱ እላለሁ። ፊደላችን በትንሽ ቅጥያ የሚለያይ ስለሆነ ጥቂት ሰከንድ መጠበቁ በኋላ ከምታጠፉት የማረሚያ ሰዓት በጣም ያንሳል።

አወራረዱ ላይ ተጠንቀቁ። እኔ መጀመሪያ ስጭን ግማሽ ቀን የሄደብኝ እዚህ ላይ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ የፋይሉ ስም ላይ ራይት ክሊክ አድርጌ «ሴቭ ሊንክ አዝ» አልኩ። ወረደ። ስሙም ትክክል ነበር። ውስጡ ግን ስለ ፋይሉ የሚያወራው ድረ ገጽ እንጂ ፋይሉ ራሱ አልነበረም። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አወረድኩት፣ ሦስቱም ያው። ትክክለኛው መንገድ ይኸውላችሁ፦ የፋይሉን ስም ተጭናችሁ ገጹ ውስጥ ግቡ፣ ከዚያ በስተቀኝ ያለውን «ዳውንሎድ ሮው ፋይል» የሚለውን ምልክት ተጫኑ። ከተጠራጠራችሁ የወረደውን በኖትፓድ ክፈቱት። መጀመሪያው ላይ ኤችቲኤምኤል የሚል ቃል ካያችሁ የተሳሳተው ነው፣ አጥፉት። የማይነበብ ምልክት ካያችሁ ትክክለኛው ነው። ሳታስቀምጡ ዝጉት።

ፋይሉን ቴሰራክት-ኦሲአር ውስጥ ወዳለው ቴስዳታ ፎልደር ገልብጡት። ዊንዶውስ ፈቃድ ሲጠይቅ ኮንቲኒው በሉ። ስሙን አትቀይሩ፤ ቴሰራክት ኤኤምኤች ሲባል የሚፈልገው በትክክል ያንን ስም ነው። ሁለት ጊዜ ስላወረዳችሁት ከስሙ ጎን በቅንፍ 1 የሚል ከተጨመረበት ቅንፉን አጥፉ። ዊንዶውስ የፋይል ቅጥያ ስለሚደብቅ ደግሞ መጨረሻው ላይ ነጥብ ቲኤክስቲ ተሰክቶ ሊሆን ይችላል። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ቪው ውስጥ ገብታችሁ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን አብሩና እዩ።

የአስተዳዳሪ ፈቃድ ከሌላችሁ ፋይሉን ኦሲአር ፎልደራችሁ ውስጥ አስቀምጡና በየትእዛዙ ላይ --ቴስዳታ-ዲር ብላችሁ የፎልደሩን አድራሻ ጨምሩ። ያም ይሠራል።

አሁን --ሊስት-ላንግስን ድገሙት። ኤኤምኤች መታየት አለበት። ትግርኛ የምትፈልጉም መንገዱ ያው ነው፣ ኮዱ ቲአይአር ነው።

5. ፎቶውን አዘጋጁ

ሰው ይህን ይዘልላል፣ ከዚያ ሞተሩን ይወቅሳል። ቴሰራክት የሚያየው ነጥቦችን ነው። «ደ»ን ከ«ጀ»፣ «ተ»ን ከ«ቸ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ» የምትለየው ከላይ ያለችው ትንሽ ሰረዝ ናት። ፎቶው ደብዛዛ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት።

ስካነር ካላችሁ 300 ዲፒአይ ላይ አድርጉት። ከዚያ ያነሰ ፊደሉን ያሳንሰዋል፣ በጣም የበዛው ደግሞ ፋይሉን ከማግዘፍ በቀር እምብዛም ጥቅም የለውም። በስልክ የምታነሱ ከሆነ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፣ በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ፣ የእጃችሁ ጥላ ሳያርፍበት፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ። ፍላሹን አጥፉት። ከዚያ ጠርዙን ቆርጣችሁ ገጹን ብቻ አስቀሩ፤ የጠረጴዛው ልብስ ጥለት እንደ ፊደል ሊነበብ ይችላል።

ፎቶውን ከስልክ ወደ ኮምፒውተር በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ እንደ ፎቶ አትላኩት፣ እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ ያሳንሰዋል፣ ጥራቱንም ይቀንሰዋል።

ቴሰራክት ፒዲኤፍ አይከፍትም። ፒዲኤፍ ካላችሁ መጀመሪያ ገጾቹን ወደ ፒኤንጂ ምስል ቀይሩ። ኡቡንቱ ላይ ፖፕለር-ዩቲልስ የሚባለው ጥቅል ውስጥ ያለው ፒዲኤፍቱፒፒኤም ይህን ይሠራል። መጠኑን 300 አድርጉት።

6. የመጀመሪያውን ገጽ አስነብቡ

ምስሉን ፔጅ1 ብላችሁ ኦሲአር ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ፎልደሩን ክፈቱ፣ የአድራሻ መስመሩ ላይ ሲኤምዲ ብላችሁ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። ጥቁሩ መስኮት እዚያው ፎልደር ላይ ሆኖ ይከፈታል። ከዚያ፦

ቴሰራክት ፔጅ1.ፒኤንጂ አውት -ኤል ኤኤምኤች

ሰረዟን ተከትላ ያለችው ትንሿ ኤል ፊደል ናት፣ ቁጥር 1 አይደለችም። ይህን በድምፅ ስናገር ብዙ ሰው 1 ብሎ ይጽፋል። ቋንቋን የምትመርጠው እሷ ናት። ከተረሳች ቴሰራክት ገጹን እንግሊዝኛ ነው ብሎ ያነብና የአማርኛውን ቅርጽ በሚመስለው የላቲን ፊደል ይጽፍላችኋል። መግቢያው ላይ የጠቀስኩት የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

አውት የውጤቱ ፋይል ስም ነው። ነጥብ ቲኤክስቲን ራሱ ይጨምራል፣ እናንተ አትጨምሩ። ውጤቱን በኖትፓድ ክፈቱ። ሳጥን ሳጥን ከታያችሁ ችግሩ የፎንት ነው፣ ንባቡ ደህና ሊሆን ይችላል። ኖትፓድ ላይ ፎንቱን ኢብሪማ ወይም ኒያላ አድርጉት።

አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት ገጽ ከሆነ ኤኤምኤች+ኢኤንጂ ብላችሁ ያለ ስፔስ ጻፉ። አማርኛው ቀድሞ ይሁን። እንግሊዝኛ የሌለበት ገጽ ላይ ግን ኢኤንጂን አትጨምሩ፤ የአማርኛውን ፊደል ከላቲን ጋር እንዲያምታታው በር ትከፍታላችሁ።

የገጹ አቀማመጥ ካስቸገረው --ፒኤስኤም ብላችሁ ቁጥር ጨምሩ። 6 ማለት ገጹ አንድ ወጥ አንቀጽ ነው ማለት ነው። 4 የፊደል መጠኑ የሚለያይ አንድ ዓምድ ነው። 7 አንድ መስመር ብቻ ነው። ምንም ካላላችሁ 3 ነው፣ ራሱ ይገምታል። ሁለት ዓምድ ያለው የጋዜጣ ገጽ ከሆነ ዓምዶቹን ቆርጣችሁ ለየብቻ ማስነበብ ይሻላል።

ብዙ ገጽ ካላችሁ አንድ አንድ እያላችሁ አትድከሙ። የምስሎቹን ስም በኖትፓድ እያንዳንዱን በአንድ መስመር ጽፋችሁ ሊስት.ቲኤክስቲ ብላችሁ አስቀምጡና፣ በትእዛዙ ውስጥ በምስሉ ስም ቦታ ይህን ፋይል ስጡት። ሁሉንም በቅደም ተከተል ያነባል። ከትእዛዙ መጨረሻ ፒዲኤፍ የሚል ቃል ከጨመራችሁ ደግሞ ቃል የሚፈለግበት ፒዲኤፍ ይሠራላችኋል።

7. ድልድዩ፣ ለፓይተን ጸሐፊዎች ብቻ

ፓይተንን ከራሱ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ስትጭኑ፣ የመጀመሪያው መስኮት ታች ላይ ፓይተንን ወደ ፓዝ ልጨምር ወይ የሚል ትንሽ ሳጥን አለ። ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ጥቁሩ መስኮት ላይ፦

ፓይ -ኤም ፒፕ ኢንስቶል ፓይቴሰራክት ፒሎው

ፓይ የሚጻፈው ፒ እና ዋይ ብቻ ነው። ፒፕን በዚህ መንገድ መጥራት ላይብረሪው በሌላ ፓይተን ውስጥ እንዳይገባ ይረዳል። ኡቡንቱ ላይ መጀመሪያ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት ፍጠሩ፤ 24.04 ላይ ፒፕ ከእሱ ውጭ በቀጥታ ልጫን ስትሉት ይከለክላል።

ማስጠንቀቂያ፦ «ፒፕ ኢንስቶል ቴሰራክት» አትበሉ። በዚያ ስም ፒፕ ላይ ያለው ስለ ሥነ ፈለክ ስሌት የሆነ፣ ከኛ ነገር ጋር ምንም የማይገናኝ ሌላ ጥቅል ነው። ያለ ስሕተት ይጫናል፣ ከዚያ ምንም አይሠራም። ፓይቴሰራክት ነው የምትሉት።

አሁን አዲስ ፋይል ክፈቱና እነዚህን አራት መስመሮች ጻፉ፦

ኢምፖርት ፓይቴሰራክት
ፍሮም ፒአይኤል ኢምፖርት ኢሜጅ
ጽሑፍ = ፓይቴሰራክት.ኢሜጅ_ቱ_ስትሪንግ(ኢሜጅ.ኦፕን("ፔጅ1.ፒኤንጂ"), ላንግ="ኤኤምኤች")
ኦፕን("አውት.ቲኤክስቲ", "ደብልዩ", ኢንኮዲንግ="ዩቲኤፍ-8").ራይት(ጽሑፍ)

ፒአይኤል ሦስቱም ትልልቅ ፊደላት ናቸው፣ የኢሜጅ የመጀመሪያ ፊደልም ሁለቱም ቦታ ትልቅ ነው። ሲጫን ፒሎው፣ ሲጠራ ፒአይኤል፤ ስሙ ስለሚለያይ ግራ አይግባችሁ። «ጽሑፍ» የሚለውን እንዳለ በአማርኛ ጻፉት፣ ፓይተን 3 የአማርኛ ስም ይቀበላል። ኢንኮዲንጉን አትርሱ። ዊንዶውስ ላይ እሱ ከሌለ ብዙ ጊዜ አማርኛውን ሊጽፍ ሲል ስሕተት ያወጣል።

ፋይሉን በማንኛውም ስም አስቀምጡ፣ ፓይቴሰራክት በሚል ስም ግን አታስቀምጡ። እንዲያ ከሰየማችሁት ፓይተን ላይብረሪውን ትቶ የራሳችሁን ፋይል ይጠራል።

8. ውጤቱን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ

አንድም ገጽ ሳታርሙ ለሰው አትስጡ። «በላች» የሚለው «በላት» ሆኖ ቢወጣ ሁለቱም ቃል ስለሆኑ የፊደል ማረሚያ አይነግራችሁም። ቅድሚያ ስጡ ለስሞች፣ ለገንዘብ መጠን፣ ለቀን፣ ለአንቀጽ ቁጥር። የግዕዝ ቁጥር ያለበትን ቦታ ሁሉ በዓይናችሁ እዩ። አራት ነጥብ በሁለት ተከታታይ ሁለት ነጥብ ተተክቶ ካገኛችሁት በአንድ ጊዜ ፈልጎ መተካት ይቻላል።

የእጅ ጽሑፍና የብራና መጽሐፍ አይሞከርም። የአማርኛው ፋይል የሠለጠነው በኅትመት ፊደል ነው።

ደጋግመው የሚመጡ ስሕተቶች

- «ፌይልድ ሎዲንግ ላንጉዊጅ ኤኤምኤች» ካለ፣ የአማርኛው ፋይል ቦታው ላይ የለም፣ ስሙ ተበላሽቷል ወይም ያወረዳችሁት ድረ ገጹን ነው። ወደ 4ኛው ደረጃ ተመለሱ።
- ፓይተን «ቴሰራክት ኖት ፋውንድ ኤረር» ካለ፣ ድልድዩ አለ፣ ሞተሩ የለም ወይም ፓዝ ላይ አልገባም። 3ኛው ደረጃ።
- «ፒፕ» ብላችሁ «ሲንታክስ ኤረር» ከመጣ፣ ሦስት የቀስት ምልክት የሚያሳየው የፓይተን መስኮት ውስጥ ናችሁ። ከዚያ ውጡና ጥቁሩ መስኮት ላይ ጻፉት።
- ፓይተን ብላችሁ ስትጽፉ የማይክሮሶፍት ስቶር ከተከፈተ፣ ፓይተን አልተጫነም ወይም ፓዝ ላይ የለም።
- ውጤቱ ባዶ ፋይል ከሆነ ብዙ ጊዜ ምስሉ ዞሯል ወይም በጣም አንሷል። አቅኑት፣ ከዚያ --ፒኤስኤም 6 ሞክሩ።

ኔት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ድልድዩን ለመጫን፣ ኔት ባለበት ኮምፒውተር ላይ «ፓይ -ኤም ፒፕ ዳውንሎድ ፓይቴሰራክት ፒሎው» በሉ። ፋይሎቹን ወደ ፍላሽ ገልብጡና እዚያ ስትደርሱ ኢንስቶል ላይ --ኖ-ኢንዴክስ እና --ፋይንድ-ሊንክስ ጨምራችሁ የፎልደሩን አድራሻ ስጡት። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ላይ ያለው ፓይተን ስሪቱ አንድ መሆን አለበት፣ ዊንዶውሱም እንዲሁ 64 ለ64። ካልሆነ ፒሎው አልጫንም ይላል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ እምቢ ካላችሁ ሦስት ነገር አያይዛችሁ ጠይቁኝ፦ የ--ቨርዥን ውጤት፣ የ--ሊስት-ላንግስ ውጤት፣ እና የጻፋችሁት ትእዛዝ ከነስሕተቱ በአንድ ስክሪንሾት ላይ። «አልሠራም» ብቻ ስትሉኝ ከየት እንደምጀምር አላውቅም።